ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ለአንድ ሠራተኛ መወዳደር፦ ለድሬዳዋ የግል አሠሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚራ አካባቢ ያለ፣ እኔም የሒሳብ መዝገቡን እይዝለት የነበረ አንድ የጅምላ መደብር ሦስት ዓመት ያሠለጠናትን ገንዘብ ያዥ በአሥር ቀን ውስጥ አጣት። የሄደችው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ደመወዟም መደብሩ ይከፍላት ከነበረው ያንስ ነበር። ባለቤቱ «በገንዘብ በልጫቸው ሳለ እንዴት ተቀደምኩ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁላቸው። ልጅቱን መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቃት ግን በሁለት ቃል ጨረሰችው፦ «ቅዳሜ ቤቴ ነኝ፤ እናቴም አሁን እንቅልፍ ይወስዳታል» አለችኝ።

ይህ መመሪያ በድሬዳዋ ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ጋራዥ፣ ሆቴል፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ወይም አነስተኛ ፋብሪካ ኖሯቸው፣ ከመንግሥት ቅጥር ጋር በአንድ ገበያ ሠራተኛ ለሚፈልጉ ባለንብረቶች የተጻፈ ነው። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር የግል አሠሪ በብዛት የሚቀደመው በደመወዙ ዙሪያ ባሉ ጥቅሞች መሆኑን ነው። ከእነዚህ ጥቅሞች ደግሞ በርካታዎቹን ሕጉ ለግል ድርጅት ሠራተኛም ሰጥቷል፤ አሠሪው ግን ወይ ሳይሰጣቸው ይቀራል፣ ወይ እየሰጠ አይናገራቸውም።

መጀመሪያ ተወዳዳሪዎን በቁጥር ይወቁ

ማስታወቂያ ከመለጠፍዎ በፊት አንድ ወረቀት ይውሰዱና ለሚፈልጉት የሥራ መደብ መንግሥት ምን እንደሚከፍል ይጻፉ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አድጓል። ከዚህ ማሻሻያ በፊት «እኛ ከመንግሥት እንሻላለን» ይሉ የነበሩ ብዙ አሠሪዎች ያንኑ አነጋገር ዛሬም ሲደግሙ እሰማለሁ፤ ለዲግሪ ምሩቅ 8,000 ብር ማቅረብ ትናንት ብልጫ ነበር፣ ዛሬ ግን ማስታወቂያውን የሚያነብ ሰው አያገኝም።

ቀጥሎ እጅ ላይ የሚደርሰውን ያሰሉ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። 11,500 ብር የሚከፈለው የመንግሥት ጀማሪ ሠራተኛ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር የጡረታ መዋጮ ተቀንሶበት 8,595 ብር ይዞ ይወጣል። እርስዎ ለተመሳሳይ ሰው 13,000 ብር ቢያቀርቡ ግብሩ 2,550፣ የጡረታ መዋጮው 910 ብር ይሆንና እጁ ላይ የሚደርሰው 9,540 ብር ነው። የ1,500 ብር ብልጫዎ ሠራተኛው ኪስ ሲደርስ 945 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው። እርስዎ በበኩልዎ 11 በመቶ የአሠሪ መዋጮ ስለሚጨምሩ የዚህ ሠራተኛ ወርኃዊ ወጪ 14,430 ብር ይሆንብዎታል።

አሁን ብዙ አሠሪ ጨርሶ ወደማያሰላው ቁጥር እንለፍ፤ እሱም የሥራ ሰዓት ነው። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወስኗል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ልዩነቱ በሳምንት 9 ሰዓት ቢመስልም በዓመት 468 ሰዓት ይሆናል። ወደ ወር ስንመልሰው የመንግሥቱ ሠራተኛ 169 ሰዓት፣ የእርስዎ ሠራተኛ 208 ሰዓት ይሠራሉ። ስለዚህ መንግሥት በ11,500 ብር ለአንድ ሰዓት 68 ብር ሲከፍል፣ እርስዎ በ13,000 ብርዎ 62 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ እየከፈሉ ነው። በሌላ በኩል ሲታይ፣ ሠራተኛው በወር 39 ተጨማሪ ሰዓት ሠርቶ የሚያገኘው የተጣራ ብልጫ 945 ብር፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት 24 ብር ገደማ ነው። ያቺ ገንዘብ ያዥ ወረቀትና እርሳስ ይዛ እንዳላሰላችው እርግጠኛ ነኝ፤ ነገር ግን ቅዳሜዋ ስንት እንደሚያወጣ ከባለቤቱም ከእኔም በተሻለ ታውቅ ነበር።

በደመወዝ ብቻ ለመስተካከል ከፈለጉ 48 ሰዓት የሚሠራውን ሰው 14,154 ብር ገደማ መክፈል ይኖርብዎታል። ይህን መክፈል የሚችል ይክፈል። ለማይችል ግን ድሬዳዋ ራሷ ሌላ መንገድ ሰጥታዋለች።

ሰዓቱን በከተማዋ ሙቀት ልክ ይስፉት

ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ሄዶ ያየ ሰው፣ ደንበኛ በሌለበት ሱቅ ውስጥ ሠራተኛን ማስቀመጥ ምን ያህል ትርጉም የሌለው ወጪ እንደሆነ ይረዳል። ከተማዋ በዚያ ሰዓት ከሙቀቱ ትሸሻለች፤ ንግዱም ከጠዋቱና ከምሽቱ ጋር ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ማምሻውን ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ቢያሠሩ በቀን 7 ሰዓት፣ በስድስት ቀን 42 ሰዓት ይሆናል። በዚህ አሠራር ያው 13,000 ብር ለአንድ ሰዓት ከ71 ብር በላይ ይመጣል፤ በደመወዙ ላይ አንድ ብር ሳይጨምሩ መንግሥትን በሰዓት ዋጋ በለጡት ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ቀኑ ለሁለት ሲከፈል ሠራተኛው አራት ጊዜ መንገድ ይወጣል። መጋላ ውስጥ ሱቅ ኖሮዎት ሠራተኛዎ እዚያው ደቻቱ አጠገብ የሚኖር ከሆነ ይህ ምንም አይደለም፤ ቤቱ መልካ ጀብዱ ከሆነ ግን የባጃጁና የታክሲው ክፍያ እርስዎ የጨመሩለትን ጥቅም መልሶ ይበላዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ቀኑን ለሁለት ሳይከፍሉ አከታትሎ ማሠራትና በምትኩ ቅዳሜን በሙሉ፣ ካልሆነም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቅዳሜ መስጠት ይሻላል። ሁለት ሠራተኛ ያለው ሱቅ ይህን በተራ ማድረግ ይችላል፤ እኔ ባየሁት ልምድ ሠራተኛን የሚያስደስተው ቅዳሜ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚታወቅና በወረቀት የተጻፈ ሲሆን ነው። «ሥራ ከቀዘቀዘ ትሄዳለህ» የሚባል ዕረፍት ዕረፍት አይባልም፤ ሰው ሠርግም ለቅሶም በእሱ ላይ ተመሥርቶ ቀጠሮ መያዝ አይችልምና።

ትርፍ ሰዓት ማሠራት ግድ ከሆነም በሕጉ ልክ ይክፈሉ። በአዘቦት ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ሌሊት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓላት ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ጡረታን ከመንግሥት እጅ ያውጡት

በዚህች ከተማ የቋሚ ሥራ ትርጉም የተቀረጸው በባቡሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነውና፣ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ምድር ባቡር የሠራ አያት ወይም አባት አለ። የወር ደመወዝ፣ ማዕረግና ጡረታ በአንድነት የሚገኙበት ሥራ ልጅን ለመዳርም ሆነ ብድር ለማግኘት መተማመኛ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን በመንግሥት የሚመራ የጡረታ ዐቅድ ያገኙት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ዛሬ ልጃቸውን «መንግሥት ቤት ግቢ» የሚሉ ወላጆች ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ጡረታና የመንግሥት ሥራ አንድ በነበሩበት ዘመን ነውና ምክራቸው በዘመኑ ትክክል ነበር።

አሁን ሥራ ላይ ባሉት የ2014 ዓ.ም. አዋጆች፣ ማለትም ለመንግሥት ሠራተኞች በወጣው 1267 እና ለግል ድርጅት ሠራተኞች በወጣው 1268 መሠረት፣ የሲቪል ሠራተኛውና የግል ሠራተኛው መዋጮ አንድ ዓይነት ነው፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። የጡረታ መውጫ ዕድሜው 60 ዓመት፣ የጡረታ አበል ለማግኘት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ አገልግሎት 10 ዓመት ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየታከለለት እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። በመንግሥት ቤት የተሰጠ አገልግሎትና በግል ድርጅት የተሰጠ አገልግሎትም ይደመራሉ፤ ስለዚህ ሠራተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ቢሸጋገር የኋላው አይጠፋበትም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሠራተኛውን ካስመዘገቡትና መዋጮውን በየወሩ ከከፈሉለት ብቻ ነው። ያለምዝገባ የሚያሠራ አሠሪ 11 በመቶ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን ለተወዳዳሪው ትልቁን መሣሪያ በነጻ ሰጥቷል። ሠራተኛው የሚያየው እዚህ ጡረታ እንደሌለ፣ እዚያ እንዳለ ብቻ ነውና። በደመወዝ መዝገብ ላይ እውነተኛውን ደመወዝ ሳይሆን ዝቅ ያለ ቁጥር አስፈርሞ ቀሪውን በእጅ መስጠትም በዚህ ከተማ የማይታወቅ ነገር አይደለም። ከሕግ መጣሱ ሌላ፣ የሠራተኛው የወደፊት አበል፣ የስንብት ክፍያውና ባንክ የሚያየው የገቢ ማስረጃ ሁሉ በዚያ ዝቅ ባለው ቁጥር ላይ ስለሚመሠረት ሠራተኛው በአንድ ጊዜ በሦስት ቦታ ይጎዳል። አንድ ቀን ለቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ለጎረቤቱ ዋስ ለመሆን የደመወዝ ማስረጃ ሲጠይቅ ይህ ይገለጥለታል፤ ብዙውን ጊዜም የመንግሥት ማስታወቂያ ማንበብ የሚጀምረው ከዚያን ዕለት አንሥቶ ነው።

ምክሬ አጭር ነው፦ በቀጠሩ በመጀመሪያው ወር ያስመዝግቡ፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን በእጁ ይስጡት፣ በየወሩም ደመወዝ፣ ግብር፣ 7 በመቶና 11 በመቶ ተለያይተው የተጻፉበት ወረቀት ይስጡ። የ11 በመቶው መስመር በሠራተኛው ዓይን ፊት መታየት አለበት፤ እርስዎ የሚከፍሉለት ሆኖ ሳለ ሳይታይ ከቀረ በእሱ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ፈቃድና ሕመም

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። ሠራተኛው ግን ለዓመታት የለመደውና እንደ መለኪያ የሚይዘው በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የነበረውን ነው። በዚያ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 20 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኝና በየዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረለት 30 ላይ ይቆም ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚነሣው ከ16 የሥራ ቀናት ሲሆን፣ የሚጨመርለት በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ነው። በዚያ ስሌት አሥራ አንድ ዓመት የሠሩ ሁለት ጓደኛሞች ቢገናኙ አንዱ 30፣ ሌላው 21 ቀን ይኖራቸው ነበር። የወሊድ ፈቃድ በሁለቱም ዘንድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፤ የአባትነት ፈቃድ ግን በቀድሞው አዋጅ ለመንግሥት ሠራተኛ 10 የሥራ ቀናት ሲሆን በግሉ 3 ቀን ነው። የሕመም ፈቃድ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በዚያው በቀድሞው አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ሲያገኝ፣ የግሉ ሠራተኛ ሙሉ የሚከፈለው የመጀመሪያውን ወር ብቻ ነው፤ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለክፍያ ናቸው።

በአዋጁ የተጻፈው ለግል አሠሪ ዝቅተኛው ግዴታ ነው፤ ከዚያ በላይ መስጠትን የሚከለክል የለም። ሁሉንም ማሟላት ባይችሉ ርካሹንና ትልቅ ስሜት የሚፈጥረውን ይምረጡ። እኔ ብሆን የአባትነት ፈቃዱን ወደ 10 ቀን ከፍ አደርጋለሁ፤ በሠራተኛ የሥራ ዘመን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚመጣ ወጪ ነው፤ ሠራተኛው ግን ለዘመድ ለወዳጅ ሲያወራው ይኖራል። ሁለተኛው ወር የሕመም ክፍያን ወደ ሙሉ ማሳደግም እንዲሁ ነው። ሦስት ወይም አራት ሠራተኛ ባለው ድርጅት ውስጥ ይህ ወጪ ለዓመታት ላይመጣ ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን በየቀኑ አለ፣ መንግሥት ቤትን የሚያስናፍቀውም ያ ፍርሃት ነው።

ማስታወቂያው፣ ጊዜውና የሚመረጠው ሰው

የመንግሥት ማስታወቂያ የሥራ መደቡን፣ ደረጃውን፣ ደመወዙን፣ የትምህርት ዝግጅቱንና የሥራ ልምዱን በሠንጠረዥ ይገልጻል። የግሉ ማስታወቂያ ደግሞ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። በእኔ ግምት ይህች ቃል ከማናቸውም ነገር በላይ ጥሩ አመልካቾችን ታሸሻለች፤ ሥራ ፈላጊው «ትንሽ ነው፣ አፍረው ደበቁት» ብሎ ያነባታልና። ደመወዙን በቁጥር ይጻፉት። ከሥሩም «የሳምንት የሥራ ሰዓት 42፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የጡረታ ምዝገባ፤ የዓመት ፈቃድ 18 የሥራ ቀናት» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ይህን መስመር የሚጽፍ የግል ድርጅት በጣም ጥቂት ስለሆነ ብቻውን ይለይዎታል።

ጊዜን በተመለከተ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ አዲስ ቅጥር በጀት ሲፈቀድ የሚከናወን በመሆኑ፣ ሠራተኛዎ ከክረምቱ በኋላ ባሉት ወራት ማስታወቂያ ፍለጋ ቢወጣ አይደነቁ። የእርስዎ ብልጫ ፍጥነት ነው። መንግሥት ቤት ምዝገባ፣ ማጣሪያ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና ማጽደቅ አለ፤ ከዚያም በቀድሞው አዋጅ የሙከራ ጊዜው ስድስት ወር ነበር። የእርስዎ ሙከራ በሕግ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ሰኞ ያነጋገሩትን ሰው ለዓርብ መልስ ይስጡት። «እንደውልልሃለን» ብሎ ሦስት ሳምንት ማስጠበቅ ያለዎትን አንድ ብልጫ በፈቃድ መጣል ነው።

ማንን እንደሚመርጡም ያስቡበት። የመንግሥት የደመወዝ ስኬል የሚያየው የትምህርት ደረጃን፣ የተዛማጅ ዘርፍን ማስረጃና የአገልግሎት ዓመትን ነው። በዚህ ሚዛን ዋጋቸው ዝቅ የሚል፣ በሥራ ግን ብርቱ የሆኑ ሰዎች በድሬዳዋ ብዙ ናቸው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እኩል እየተናገረ ከሦስቱም ደንበኛ ጋር የሚስማማ፣ ትምህርቱ ግን ከሙያ ኮሌጅ ያላለፈ ልጅ በስኬሉ ላይ ሦስቱ ቋንቋዎቹ አንድ እርከን አያስጨምሩለትም። ለእርስዎ ሱቅ ግን የሽያጩ ግማሽ እሱ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ሰነድ ላይ አምስት ዓመት የሠራና በሌላ ዘርፍ የተመረቀ ሰውም «ተዛማጅ አይደለም» ተብሎ ከመንግሥት ማጣሪያ ሊወድቅ ይችላል። ስኬሉ ባልመዘነው ችሎታ ላይ ገንዘብዎን ቢያፈሱ ሠራተኛው በቀላሉ አይነጠቅብዎትም። በአንጻሩ አዲስ የሒሳብ አያያዝ ምሩቅን በዝቅተኛ ደመወዝ ቀጥሮ ለአሥር ዓመት ይቆያል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው፤ መንግሥትም በየማስታወቂያው የሚጠራው እሱኑ ነውና። ኢንዱስትሪ ፓርኩና ነጻ የንግድ ቀጣናውም እንዲሁ ይፈልጉታል።

በቃለ መጠይቅ ላይ «መንግሥት ቤት ቢጠሩህ ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ውሸትን ከመጋበዝ በቀር ፋይዳ የለውም። በዚህ ፈንታ ቤተሰቡ ውስጥ ማን በእሱ ገቢ እንደሚተዳደር፣ የማታ ትምህርት እየተከታተለ እንደሆነና ከየት ሰፈር እንደሚመጣ ይጠይቁ። የማታ ትምህርት የሚማር ሰው ፈተና ሲደርስ ነጻ ሰዓት ይፈልጋል፤ ሰዓቱን ካገኘ ትምህርቱ እስኪያልቅ ይቆያል።

የቅጥር ደብዳቤው

ስምምነቱ በቃል አይሁን። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው የውሉን ዝርዝር በ15 ቀን ውስጥ ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት አዋጁ ያዛል። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ያልተጣራና የተጣራ ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ የዓመት ፈቃዱን፣ የጡረታ መዋጮውንና ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ መሆኑን ይግለጽ። ሕጉ ልዩ ምክንያት ከሌለ ማንኛውንም ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋልና «ቋሚ» የሚለውን ቃል ከመጻፍ ምንም አያጡም፤ ሠራተኛው ግን ያንን ደብዳቤ ቤት ወስዶ ለእናቱ ያነብላታል።

እዚሁ ደብዳቤ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የሌለውን አንድ ጥቅም ያንሡ። በአዋጅ 1156 መሠረት አንድን አሠሪ ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅ እንኳ፣ የሥልጠና ውል ግዴታ ከሌለበት፣ የስንብት ክፍያ ያገኛል፤ ስሌቱም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። በወር 14,000 ብር የሚያገኝ ሰው በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ የ70 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 32,667 ብር ገደማ ይጠብቀዋል። ብዙ አሠሪ ይህን የሚሰማው ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የነገረ ግን ግዴታውን ወደ ማቆያ ይለውጠዋል፤ በአራተኛው ዓመት የመንግሥት ጥሪ የመጣለት ሰው ይህን ቁጥር ማሰቡ አይቀርም።

የመንግሥት ጥሪ ሲመጣ

ሠራተኛው ለመንግሥት ቅጥር ሲያመለክት የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቅዎታል፤ ማስታወቂያዎቹም በግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እንዲያያዝ ይጠይቃሉ። አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ሲያውቁ ማስረጃውን ማዘግየት ወይም ዋናውን ዲፕሎማ በካዝና መቆለፍ ሠራተኛን የሚያቆይ ይመስላቸዋል። የአገልግሎት ማስረጃ መስጠት የሕግ ግዴታ ነው፤ የሰው ዲፕሎማ መያዝ ደግሞ በምንም መንገድ የማይደገፍ ድርጊት ነው። ከሕጉም ባሻገር ድሬዳዋ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሳቢያን የተደረገ ነገር ማታውኑ ለገሀሬ ይሰማል። «እዚያ ከገባህ ወረቀትህ አይወጣም» የተባለበት ድርጅት ቀጥሎ የሚያገኘው ሌላ አማራጭ ያጣውን ብቻ ነው። ግብሩን በሙሉ የሚከፍልና ማስረጃውን በዕለቱ የሚሰጥ አሠሪ ግን፣ ገና ልምድ የሚፈልጉ ጎበዝ ጀማሪዎች ተሰልፈው የሚመጡበት ይሆናል። ሁለት ዓመት በትጋት ሠርቶ የሚሄድ ሰው፣ ስድስት ዓመት እያኮረፈ ከሚቀመጥ ይሻላል።

ደመወዝ በድንጋጤ አይጨምሩ። ለሚሄደው የተጨመረው 2,000 ብር በሳምንቱ ለቀሩት ሁሉ ይሰማል፤ የሥራ መልቀቂያ ማስገባት የደመወዝ መጠየቂያ መንገድ መሆኑንም ያስተምራቸዋል። ይልቁንም የመጀመሪያውን ወረቀትዎን ያውጡና ከሠራተኛው ጋር አብረው ቁጭ ብለው የሁለቱን ሥራ የተጣራ ደመወዝ፣ የሰዓት ዋጋ፣ ፈቃድና ርቀት ያነጻጽሩ። የሚሰጠው ሥራ ቋሚ ነው ወይስ የኮንትራት? የሚለውን ጥያቄም ያንሡ፤ የኮንትራት ሠራተኛ የቋሚውን ጥቅም በሙሉ አያገኝም። ንጽጽሩ ለመንግሥት ካደላ እንዲሄድ ይፍቀዱለት። የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያውን ግን ያስከብሩ፤ ያን ወር ለርክክብ ይጠቀሙበት። የደንበኞች ዱቤ፣ የመጋዘን ቆጠራ፣ የቼክ ቀሪዎችና የአቅራቢዎች ስልክ በጽሑፍ ተረካቢው እጅ ይግቡ። ለሥልጠና ገንዘብ ያወጡበት ሰው ከሆነም የአገልግሎት ግዴታው ከሥልጠናው በፊት ተፈርሞ መገኘት አለበት፤ ከሄደ በኋላ የሚነሣ የሥልጠና ወጪ ጥያቄ ሰሚ የለውም።

በተቃራኒው ከመንግሥት ቤት ሰው የሚያመጡ ከሆነ

የመንግሥት ሠራተኛ ለመልቀቅ የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ ይሰጣል፤ በቀላሉ የማይተካ ከሆነም መሥሪያ ቤቱ መልቀቂያውን እስከ ሦስት ወር ሊያዘገይበት እንደሚችል በአዋጅ 1064 ተደንግጎ ነበር። ስለዚህ «ሰኞ ጀምር» አይበሉት፤ ክሊራንስና የመልቀቂያ ደብዳቤውን ይዞ እስኪመጣ ይጠብቁት። የቀድሞ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይቀበሉና በዚያው እንዲቀጥል ያድርጉ። በሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ምክንያት የአገልግሎት ግዴታ እንዳለበትም አስቀድመው ይጠይቁ።

ብዙ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ደግሞ ሰውየውን ሳያስለቅቁ ማታ ማታ ያሠሩታል። የመንግሥት ቤቱን ዋስትና ሳያጣ ተጨማሪ ገቢ ስለሚያገኝ ባለሙያው ይወደዋል፤ ለእርስዎም ሙሉ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም በሌለዎት ጊዜ ይጠቅማል። የመንግሥት ቤት አለቃው በቃል «ችግር የለም» ማለቱ ግን አይበቃም፤ ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ፈቃድ ቅጂ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ፤ የምሽት ሰዓቱም ከመንግሥት ሥራው ሰዓት ጋር እንደማይጋጭ በውሉ ላይ ይጻፍ። የከፈሉትም ከደመወዝ መዝገብ ውጭ አይሁን።